ለላሽ መድኃኒት ጥናት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 32 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጆሮዬ በስተኋላ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የጀመረኝ ላሽ አሁን የፀጉሬን ግማሽ ወስዶታል፤ ቅንድቤም እየሳሳ ነው። የቆዳ ሐኪሜ አሎፔሺያ አሬታ ነው አለችኝ። ራሴ ላይ መርፌ ብትወጋኝም እዚህ ሲበቅል እዚያ ይረግፋል። አሁን ደግሞ አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት አለ፣ መግባት ትችያለሽ ብላ ከ20 ገጽ በላይ የሆነ የእንግሊዝኛ ቅጽ ሰጠችኝ። ባለቤቴ ግቢ ይላል። እናቴ ግን የፈረንጅ መሞከሪያ ልትሆኚ ነው ወይ፣ ይልቅ ጠበል ሂጂ ትላለች። ያገባሁት አምና ነው፤ ልጅም እያሰብን ነው። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴም መሀል አናቷ እየተመለጠ ነው። ለእሷስ የሚሆን ጥናት ይኖር ይሆን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በአንድ ሐረግ ብቻ ነካ አድርገው ያለፉት ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ ልጅ እያሰባችሁ መሆኑ። ከእሱ ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአሁኑ ጊዜ ለላሽ የሚሞከሩት የሚዋጡ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሰውነት መከላከያን ከሚያለዝበው፣ ጃክ ኢንሂቢተር ከሚባለው ወገን ናቸው። ቅጽዎ ላይ ያለው የመድኃኒት ስም መጨረሻው «ቲኒብ» ከሆነ ከዚያው ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከእነዚህ አንዱ ባሪሲቲኒብ ለአይጥና ለጥንቸል በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የጽንሱ አጥንት ላይ ጉዳት ታይቷል። በሰው ላይ ይህን ለማየት ነፍሰ ጡርን አስገብቶ የሚሞክር የለም፤ ሊሞክርም አይገባም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ገና ሲገቡ የእርግዝና ምርመራ ያደርግልዎታል፤ ከዚያም በየቀጠሮው ይደግመዋል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳሉና ካቆሙ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። ድንገት ቢያረግዙ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፤ አጥኚዎቹም የእርግዝናውንና የሕፃኑን ጤና ለመከታተል ፈቃድዎን ይጠይቃሉ። ማጥባትም አይፈቀድም።

የጥናቱ ዋና ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 52 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ የሚቀጥል ተጨማሪ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ አላቸው። ቅጹን ከማንበባችሁ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ልጁ ዘንድሮ ነው ወይስ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል የሚለውን ቁረጡ። መልሱ ዘንድሮ ከሆነ ወደ መድኃኒት ሙከራ አይግቡ። በየቦታው የምንሰማው «ገብቼ ባረግዝ አቋርጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ለጽንሱም ለእርስዎም ደግ አይደለም።

እንዲህ ስል ግን ከምርምር ይራቁ ማለቴ አይደለም። ጥናት ሁሉ እንክብል መዋጥ አይደለም። የጤና ታሪክዎን መዝግበው፣ ትንሽ ደም ወይም ምራቅ ወስደው፣ በየጊዜው መጠይቅ የሚልኩ ጥናቶች አሉ፤ እነሱ እርጉዝ መሆንዎ አያግዳቸውም። ይህን ዓይነቱን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ «ደሜን ወስደው እኔ ምን አገኘሁ?» ይላል። ዛሬ በፋርማሲ የሚሸጠው የላሽ መድኃኒት የተገኘው ግን ከእሱ ተነሥቶ ነው።

በአሜሪካ ናሽናል አሎፔሺያ አሬታ ፋውንዴሽን የሚባል የሕሙማን ማኅበር አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ ብሔራዊ የላሽ መዝገብ ተከፍቶ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ታሪካቸውንና ደማቸውን ሰጡ። ከእነዚያ ናሙናዎች በመነሣት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር አንጀላ ክሪስቲያኖና ባልደረቦቻቸው የ1,054 ሕሙማንን ዘረመል ከ3,278 ጤነኞች ጋር አስተያዩ፤ ውጤቱም በ2010 ወጣ። ፕሮፌሰሯ ራሳቸውም ላሽ ይዟቸዋል። ጥናቱ ያሳየው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። የላሽ ዘረመል የሚቀራረበው እንደ ሪህ ቁርጥማት፣ ዓይነት 1 ስኳርና ሴሊያክ (ስንዴ የሚያስነሣው የአንጀት ሕመም) ካሉት የሰውነት መከላከያ ራሱን ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች ጋር ነው። የፀጉሩ ሥር «ድረሱልኝ» የሚል ምልክት ያወጣል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይህን አይተው ይከብቡታል። በ2014 ያው ቡድን በአይጥ ላይ እነዚህ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን የጃክ መስመር ሲዘጋ ፀጉር መልሶ በቀለ። በዚያው ዓመት በዬል ዩኒቨርሲቲ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች፣ ከላሹ ሌላ የቆዳ በሽታ (ሶራያሲስ) የነበረበትን የ25 ዓመት ወጣት ቶፋሲቲኒብ በሚባል መድኃኒት አከሙት። መላ ሰውነቱ ላይ ፀጉር ያልነበረው ሰው በስምንት ወር ውስጥ ራሱም ቅንድቡም ሸፈነለት። ከዚያ ትልልቆቹ ሙከራዎች መጡ፤ በሰኔ 2022 ባሪሲቲኒብ ለከባድ ላሽ በአሜሪካ ተፈቀደ። ደም ከሰጡት ከ1,054ቱ ሰዎች አብዛኞቹ ያን ቀን በግላቸው ያተረፉት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ልጁ የሚቀድም ከሆነ መዝገብ ውስጥ መግባት፣ ናሙና መስጠት ለእርስዎ ክፍት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዘረመልዎ የሚጠና ከሆነ በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስዎና ቀጣሪዎ በዘረመል ውጤት እንዳያገልልዎት ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን፣ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስን፣ የእርጅና እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይነካም፤ ከ15 በታች ሠራተኛ ያለውንም ቀጣሪ አይመለከትም። የሕይወት ኢንሹራንስ ሊገቡ አስበው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።

አሁን ልጁ ሊቆይ ይችላል ብለን እንቀጥል።

ማንም ወደ መድኃኒት ሙከራ ሲገባ በቅድሚያ ልቡ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነገር፣ ጥናቱ የተሠራው እርስዎን ለማከም እንዳልሆነ ነው። የተሠራው አንድን ጥያቄ ለመመለስ ነው። እግረ መንገዱን ሊያድንዎት ይችላል፤ ግን መጠንዎ፣ ቀጠሮዎ፣ መድኃኒት ማግኘት አለማግኘትዎ የሚወሰነው በጥያቄው እንጂ በእርስዎ ሁኔታ አይደለም። ሐኪምዎ ወዳጅዎ ብትሆንም ለማን ምን እንደሚደርስ በሚለየው ዕጣ ላይ እጇን ማስገባት አትችልም። ይህን ሳይረዱ የገቡ ሰዎች ናቸው ወደ እኔ መጥተው ሲያማርሩ የምሰማቸው፤ ጥናቱ በድሏቸው ሳይሆን ሌላ ነገር ጠብቀው ስለነበር።

በቁጥር ላሳይዎት። ባሪሲቲኒብን ያስፈቀዱት ሁለት ሙከራዎች በድምሩ 1,200 ሰው ነበረባቸው። ዕጣው ከሰባት ሰው ሦስቱ 4 ሚሊግራም፣ ሁለቱ 2 ሚሊግራም፣ ሁለቱ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ መድኃኒት የሌለበት እንክብል፣ ማለትም ፕላሴቦ፣ እንዲደርሳቸው ነበር። ተሳታፊውም ሐኪሙም ለማን ምን እንደደረሰ አያውቁም። በ36ኛው ሳምንት ራሳቸው ቢያንስ 80 በመቶ በፀጉር የተሸፈነው በ4 ሚሊግራም ከወሰዱት ውስጥ በአንዱ ሙከራ 38.8 በመቶ፣ በሌላው 35.9 በመቶ ነበሩ። ከፕላሴቦዎቹ 6.2 እና 3.3 በመቶ ብቻ። ለበሽታው ይህ ትልቅ እመርታ ነው፤ እኔ ሥራ ስጀምር የዚህን ሩብ የሚያሳይ ነገር አልነበረንም። ግን ቁጥሩን ገልብጠው ይዩት፤ እውነተኛውን መድኃኒት በሙሉ መጠን ከወሰዱት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በ36 ሳምንት እዚያ አልደረሱም። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ደግሞ ከተሳካላቸው ውስጥ አብዛኞቹ እየቆየ መልሶ ይረግፍባቸዋል።

ከዚህ የሚነሣ፣ ለሐኪምዎ ሳያፍሩ ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የተፈቀደ መድኃኒት እያለ ለምን ያልተፈቀደውን እሞክራለሁ? በአሜሪካ እስከ 2024 ድረስ ለከባድ ላሽ ሦስት እንክብሎች ተፈቅደዋል። በ2022 ባሪሲቲኒብ፣ በ2023 ከ12 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው ሪትለሲቲኒብ፣ በ2024 ዲዩሩክሶሊቲኒብ። ፈቃድ የሚጠይቀው ቅጽ ራሱ ከጥናቱ ውጭ ያለዎትን አማራጭ የመዘርዘር ግዴታ አለበት፤ ያንን ክፍል ፈልገው ያንብቡት። ጥሩ መልሶች አሉ። ኢንሹራንሱ እምቢ ያለው፣ ያሉትን ሞክሮ ያልሠራለት፣ አዲሱ ከቀድሞዎቹ የተለየ መንገድ ያለው ሆኖ ያገኘው ሰው ቢገባ አልፈርድበትም። ግን ኢንሹራንስዎ ገና አልተጠየቀ ከሆነ፣ ወይም አንዴ ጠይቃችሁ እምቢ ሲል ይግባኝ ሳትሉ ከቀራችሁ፣ መጀመሪያ እሱ ይሞከር። በእኔ አስተያየት ብዙ ሐኪሞች ይህን ወረቀት ሥራ ስለሚሰለቹት ነው ሕሙማንን ወደ ጥናት የሚገፉት።

እገባለሁ ካሉ መጀመሪያ የሚያገኝዎት ማጣሪያው ነው። «የፀጉሬን ግማሽ» ብለዋል፤ አጥኚዎቹ ግን በዓይን ግምት አይሄዱም። የራስ ቆዳን በአራት ከፍለው ይለካሉ፦ አናቱ 40 በመቶ፣ ኋላው 24፣ ግራና ቀኙ እያንዳንዳቸው 18። የእርስዎ ኋላ ሙሉ በሙሉ ተመልጦ አናትዎ በግማሽ ቢሳሳ 24 እና 20፣ በድምሩ 44 ይወጣል። ብዙዎቹ ሙከራዎች፣ እነዚያ ሁለቱንም ጨምሮ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበሉት። «ግማሽ ሄዷል» እያሉ ሊመለሱ ይችላሉ ማለት ነው፤ ቢመለሱ በሽታዎ ቀላል ነው ማለታቸው አይደለም። በሌላ በኩል የሁለት ዓመት መሆኑ ይጠቅምዎታል፤ እነዚያ ሙከራዎች ከስምንት ዓመት በላይ ምንም ሳይበቅል የቆየውን አልወሰዱም።

ቀጥሎ ደም ነው፤ የአገራችን ሰው ብዙ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ጃክ ኢንሂቢተር የሰውነት መከላከያን ስለሚያለዝብ ተኝቶ የቆየ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ኢትዮጵያ ተወልዶ ካደገ ሰው ውስጥ ሁለቱም እንግዳ አይደሉም። ልጅ ሳሉ የቢሲጂ ክትባት ከወሰዱ፣ ክንድዎ ላይ ያለውን ጠባሳ ይመልከቱ፣ በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ በክትባቱ ምክንያት ብቻ ሊያብጥ ይችላል። ከደም የሚሠራው ምርመራ ግን በቢሲጂ አይታለልም፤ እሱ ይሁንልኝ ይበሉ። ድብቅ ቲቢ ቢገኝብዎት ታመዋል ማለት አይደለም፣ ለሌላም አያስተላልፉም። መድኃኒቱን ጀምረው የተወሰነ ጊዜ ከወሰዱ በኋላ የሚቀበል ጥናት አለ፤ የማይቀበልም አለ። ሄፓታይተስ ቢ ቢገኝ አብዛኛው ጥናት ይመልስዎታል። ያኔ ተከፍተው ወደ ቤት ከመሄድ ይልቅ ወረቀቱን ይዘው ለመደበኛ ሐኪምዎ ይስጡ፤ ጉበትዎን የሚከታተል ሰው ያስፈልግዎታል፣ ባለቤትዎም ተመርምረው ይከተቡ። ብዙ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ያወቀው በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ቅጹ በረጅሙ ይዘረዝረዋል። የተለመዱት ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ ብጉር፣ የኮሌስትሮል ከፍ ማለት ናቸው። አልማዝ ባለጭራ በተለይ ይጠብቁ፤ በአንድ ወገን የሚያቃጥል ሽፍታ ካወጣዎት በዚያው ቀን ይደውሉ። ከእነዚህ በላይ ሣጥን ውስጥ ተከቦ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ያያሉ፦ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ የደም መርጋት፣ ሞት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 ማስጠንቀቂያውን ያጠበቀው በዋነኝነት ቶፋሲቲኒብን በወሰዱ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆነ፣ የልብ ሕመም ተጋላጭነት ባላቸው የሪህ ቁርጥማት ሕሙማን ላይ ከታየው ተነሥቶ ነው። በላሽ ሙከራዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ከባድ ነገሮች ጥቂት ነበሩ። ግን እነዚያ ተሳታፊዎች ወጣቶች ናቸው፤ የተከታተሏቸውም ለአጭር ጊዜ ነው። የሚያጨሱ ከሆነ፣ ደም ረግቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ የመጨረሻው እንደ እርስዎ ላለች ሴት በተለይ፣ ጥናቱ መከላከያ ስለሚጠይቅ።

አገር ቤት ለመሄድ ካሰቡም አስቀድመው ያስታውቁ። ቀጠሮዎቹ ቀን የተቆረጠላቸው ናቸው፤ ለገና ሄዶ ሁለት ወር መቆየት አይቻልም። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ክትባት ስለሆነ ጃክ ኢንሂቢተር ላይ ያለ ሰው አይወስደውም። የሚያስፈልግዎት ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት፣ በአጥኚው ሐኪም ምክር ይሁን።

ፀጉርዎን በተመለከተ፣ መለኪያው ፀጉር ስለሆነ እሱን የሚያዛባ ነገር ሁሉ ይከለከላል። ራስን መላጨት፣ ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር ማብቀያ መቀባት፣ መርፌውን መቀጠል አይቻልም፤ መርፌው ከመግባትዎ ሳምንታት በፊት ይቆማል፣ በዚያ ጊዜ ሊብስብዎት እንደሚችል ይወቁ። በሙጫ የሚለጠፍ ዊግና ጥብቅ ሹሩባ ባይኖር ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፈጭቶ መቀባትም እንዲሁ፤ ቆዳን አቃጥለው ውሃ ቋጥሮ የመጡ ሰዎችን አክሜያለሁ። ሻሽና የሚወለቅ ዊግ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ፎቶ ይነሣሉ፤ ቅንድብና ሽፋሽፍት ስለሚመዘን ፊትዎን መሸፈን አይቻልም። ፎቶው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መጽሔት ላይ ለማውጣት የተለየ ፊርማ ይጠየቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ ይህ ጥያቄ ቅንጦት አይደለም። አንዳንድ ጥናት ደግሞ ከራስ ቆዳ ላይ 4 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ይወስዳል። ማደንዘዣ ተወግቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ተሰፍቶ ያልቃል። ብዙ ጊዜ በፈቃድ ነው፤ ይህን ብቻ እምቢ ብለው በሌላው መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ቅጹ ይናገራል። ቁስልዎ አብጦ የሚጠነክር ኬሎይድ የሚሠራ ከሆነ ያሳውቁ።

ወደ እናትዎ ልመለስ። «መሞከሪያ» ማለታቸውን አያቃልሉባቸው። በአላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በተባለ ስፍራ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሳያክም በሽታው የሚያደርሰውን ሲመዘግብ ኖሯል። ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አላከሟቸውም። ዛሬ ያሉት ሕጎች፣ ጥናትን አስቀድሞ የሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሆነ እጅዎ ላይ ያለው ወፍራም ቅጽ፣ በከፊል የዚያ ግፍ ውጤት ናቸው። ስለዚህ ለእናትዎ «ያ ድሮ ቀርቷል» ከማለት «ያ ስለተደረገ ነው ይህን ሁሉ የሚጠይቁኝ» ቢሏቸው ይሻላል። መቼም ቢሆን፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ መውጣት ይችላሉ። መደበኛ ሕክምናዎም በዚህ አይቀነስም። እስከዚያ ቀን የተመዘገበው መረጃ ግን ይቀራል፤ እሱን መልሱልኝ ማለት አይቻልም። ጉዳት ቢደርስብዎት ማን እንደሚያሳክምዎት ደግሞ ቅጹ ላይ ይፈልጉ፤ የአሜሪካ ሕግ ካሳ መኖር አለመኖሩን እንዲነግሩዎት እንጂ እንዲክሱዎት አያስገድድም። ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አካባቢ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ ጥናትና ጠበል አይጣሉም። ይሂዱ፣ ይጠመቁ። የሚያጣላው መድኃኒቱን አቋርጦ መሄድ፣ ተመልሶም «ሁሉንም ውጫለሁ» ማለት ነው። የተረፈው እንክብል በየቀጠሮው ይቆጠራል። ካቋረጡ በግልጽ ይናገሩ፤ አይቆጡም። የደበቁት መቋረጥ ግን የሌሎቹን ሁሉ ውጤት ያበላሻል።

ቅጹ እንግሊዝኛ መሆኑ ራሱ መፍትሔ ያለው ነገር ነው። የአሜሪካ ደንብ ፈቃድ የሚጠየቀው ተሳታፊው በሚረዳው ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። «የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ» ማለት መብትዎ እንጂ ልመና አይደለም። ባለቤትዎን አስተርጓሚ አያድርጓቸው፤ ግቢ የሚል ሰው የሚያስፈራውን አንቀጽ ለስለስ አድርጎ መተርጎሙ አይቀርም። ቅጹን ቤት ወስደው ይደሩበት፤ «ዛሬውኑ ፈርሚ» የሚል ካለ ከዚያ ጥናት ይራቁ። ገንዘብ ክፈሉ የሚል ካለ ደግሞ ጭራሽ አይጠጉ። መደበኛ ሙከራ መድኃኒቱንም ለጥናቱ ሲባል የሚደረገውን ምርመራም በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ብዙዎቹ የመጓጓዣም ይከፍላሉ። ጥናቱ ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ መገኘቱን ያረጋግጡ፤ እዚያ መመዝገቡ ግን መንግሥት መርምሮ ደግፎታል ማለት አይደለም። በዚያው መዝገብ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍሉ የስቴም ሴል ነጋዴዎችም ተመዝግበው ያውቃሉ።

እህትዎ። መሀል አናት ላይ ጀምሮ ወደ ዳር እየሰፋ የሚሄድ መመለጥ ከእርስዎ ላሽ ጋር አንድ በሽታ ላይሆን ይችላል። በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ፣ የፀጉሩን ሥር አጥፍቶ ጠባሳ የሚተው፣ ሴንትራል ሴንትሪፉጋል ሲካትሪሺያል አሎፔሺያ (በአጭሩ ሲሲሲኤ) የሚባል አንድ ዓይነት አለ። በላሽ ሥሩ በሕይወት ስላለ ከዓመታት በኋላም ሊበቅል ይችላል። በዚህኛው የጠፋው አይመለስም፤ የሚቻለው ያልጠፋውን ማዳን ነው። ለዚህ ነው ለእሷ ከጥናት ይልቅ ምርመራ የሚያስቸኩላት። ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ ሲነካ ማመም ካለ፣ ወይም ቆዳው ለስልሶ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ ሳትውል ሳታድር ትሂድ። ምናልባትም ተራ የሴቶች ፀጉር መሳሳት ወይም የብረት ማነስ ይሆናል፤ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው፤ ባዮፕሲ (ከራስ ቆዳ ቁራጭ ወስዶ መመርመር) ቢያስፈልግ እዚያ ይጠይቁ።

ስለዚህ በሽታ ለረጅም ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው ሲወቀሱ ኖረዋል፦ ካውያው፣ ሪላክሰሩ፣ ሹሩባው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የበሽታው ስም ራሱ በካውያው ይጠራ ነበር። በ2019 የደቡብ አፍሪካዋ ሐኪም ንኮዛ ድሎቫና የቴል አቪቩ ኤሊ ስፕሬቸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ዘረመላቸው ከታየ 58 ሴቶች ውስጥ 14ቱ የፀጉርን ቅርጽ በሚሠራ ፓዲ 3 በተባለ ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኘባቸው። አጠባበቁ ጨርሶ አይመለከተውም ማለት አይደለም፤ ጥብቅ ሹሩባና ኬሚካል ያባብሱታል። ግን ከቤተሰብ ጋር የሚወርድ መሠረት እንዳለው አሁን ይታወቃል። ልብ ይበሉ፤ ይህን ያሳየው የሃምሳ ስምንት ሴቶች ናሙና ነው። በቅርቡ ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ለስኳር የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ለዚሁ በሽታ በጥቂት ሕሙማን ላይ ሞክረው ተስፋ ሰጪ ነገር አይተዋል። ትልቅ ሙከራ ግን ይቀረዋል፤ እህትዎ በራሷ ከፋርማሲ ገዝታ አትጀምር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመድኃኒት ሙከራ የሚካሄደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካጸደቀውና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከፈቀደው በኋላ ነው። ከአለርት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከ1970 ጀምሮ የሕክምና ምርምር ሲሠራ ኖሯል፤ የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ምርምር ነው። ለእሷ የተከፈተ ጥናት መኖሩን መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ በሆነው የፓን አፍሪካ ክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ በአገርና በበሽታ ስም መፈለግ ይቻላል። በቲክቶክ «ጥናት ላይ ነን፣ ዘይቱን ግዙና ውጤታችሁን ላኩልን» የሚሉት ግን ከሁለቱም ፈቃድ አንዱንም አያሳዩም። ባዮፕሲ ከተወሰደላት የውጤቱን ወረቀት ኮፒ ትያዝ፤ ናሙናው እንዲቀመጥላትም ትጠይቅ። ወደፊት የሚመጣ ጥናት መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው።